ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ

ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ በሰኔ ወር 1920 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለዱ። ገና ሕፃን ሳሉ፣ በየካቲት 1929 ዓ.ም. የፋሺስት ወታደሮች ሕዝቡን ሲጨፈጭፉ አባታቸው ተገደሉ። ጠላት ከተባረረ በኋላ በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በእስክንድርያ ቪክቶሪያ ኮሌጅ ተማሩ። በ1948 ዓ.ም. በስኮትላንድ ከኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመርቀው ወደ አገራቸው ተመለሱ። በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ጥቂት ዓመታት ካገለገሉ በኋላም እንደገና ወደ ኤድንብራ ሄደው በቀዶ ሕክምና ሠለጠኑ።

በዚያን ዘመን ሐኪም ለመሆን የሚሻ ኢትዮጵያዊ ባሕር መሻገር ነበረበት። በ1950ዎቹ መጨረሻ በአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ ሲቋቋም፣ አሥራት ከመሥራቾቹ አንዱ ሆኑ፤ በኋላም በዲንነት መሩት። ለብዙ ዓመታትም ቀዶ ሕክምናን አስተማሩ። ይህ ሙያ ከመጽሐፍ ብቻ የሚቀሰም አይደለም፤ ተማሪው በመምህሩ አጠገብ ቆሞ የእጁን ጥበብ ብቻ ሳይሆን ጠባዩንና ታማኝነቱንም ይማራል።

ይህ ታማኝነት በብርቱ የተፈተነበት ጊዜ መጣ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በነሐሴ 1967 ዓ.ም. በደርግ እጅ ሳሉ ሲሞቱ፣ መንግሥት ለሞታቸው ምክንያት አድርጎ ያቀረበው ከፕሮስቴት ቀዶ ጥገና በኋላ የተከተለ የጤና ችግር ነበር። ሐኪማቸው የነበሩት አሥራት ግን እንዲህ ያለ ችግር እንዳልደረሰ ገልጸው የተሰጠውን ምክንያት አስተባበሉ። ሐኪም ያየውን ሳይጨምር፣ ሳይቀንስ መመስከር የሙያው ግዴታ ነውና።

በ1970ዎቹ የሕክምና ትምህርት ከመዲናይቱ አልፎ ወደ ጎንደርና ወደ ጅማ ተስፋፋ። የጅማ ተማሪዎች እንደ አጋሮ ወዳሉት የቡና ከተሞች እየወጡ በኅብረተሰቡ መካከል ይማራሉ። ቡና ለቃሚውም ሆነ ነጋዴው ስለ ሕመሙ እውነቱን የሚጠብቀው ከእነርሱ አንደበት ነው።

አሥራት ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ወደ ፖለቲካ ገብተው የመላው አማራ ሕዝብ ድርጅትን መሩ። በ1985 ዓ.ም. ከአርባ ከሚበልጡ መምህራን ጋር ከዩኒቨርሲቲው ተሰናበቱ፤ በ1986 ዓ.ም. ታሰሩ። ብዙዎችን ያከሙት ሰው በእስር ቤት ሕመም ጸናባቸውና እርሳቸው ሕክምና ጠባቂ ሆኑ። በታኅሣሥ 1991 ዓ.ም. ተፈትተው ለሕክምና ወደ ውጭ አገር ቢሄዱም፣ ግንቦት 6 ቀን 1991 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በፊላደልፊያ ከተማ ዐረፉ።

ስለ ፖለቲካ ሕይወታቸው የሰዎች አስተያየት ይለያይ ይሆናል። ከሕክምና ሕይወታቸው የምንረዳው ግን፣ ለበሽተኛው የሚገባውን እውነት ኃያላንን ፈርቶ የሚለውጥ ሐኪም፣ እጁ የቱንም ያህል የሠለጠነ ቢሆን፣ ትምህርቱ ጎደሎ መሆኑን ነው።