ልዕልት ፀሐይ፦ ከፋሻ ስፌት እስከ ነርስነት

አዲስ አበባን የሚያውቅ ሁሉ ጦር ኃይሎች ሆስፒታልን ያውቃል፤ ሰፈሩ ራሱ በሆስፒታሉ ስም ነው የሚጠራው። ሲሠራ ግን ስሙ ልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ነበር። ለመሆኑ ልዕልት ፀሐይ ማን ነበሩ?

የአፄ ኃይለ ሥላሴና የእቴጌ መነን ልጅ ሲሆኑ፣ የተወለዱት በጥቅምት 1912 ዓ.ም. ነው። ስለ ቤተ መንግሥት አስተዳደጋቸው ብዙ አልልም፤ ቁም ነገሩ የሚጀምረው ከጦርነቱ ነው።

በ1928 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ፋሽስት ኢጣሊያ ስትወረን ዕድሜያቸው ገና አሥራ ስድስት ገደማ ነበር። የዚያን ጊዜ ዘማች እኮ ስንቁንም ልብሱንም ከቤቱ ይዞ ነው የሚወጣው። ጋቢው ቀን ልብሱ፣ ማታ ብርድ ልብሱ ነው፤ ከቆሰለም የሚጠቀለለው በዚያው ነው። ሠራዊቱ ይህ ነው የሚባል የሕክምና ክፍል አልነበረውም። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀልም ከተቋቋመ ገና ጥቂት ወራት ቢሆነው ነው። ስለዚህ በእቴጌ መነን የሚመራው የሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር አዲስ አበባ ላይ ሥራ ሲጀምር ልዕልት ፀሐይም ከእናታቸው ጋር ገቡበት። ሴቶቹ በፈቃዳቸው ተሰብስበው ፋሻ አዘጋጁ፣ ለዘማቹ ልብስ ሰፉ። ጠላት የመርዝ ጋዝ መርጨት ሲጀምርም የጋዝ መከላከያ ጭንብል ሳይቀር ከጨርቅ በእጃቸው ሠሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። የሰናፍጭ ጋዝ የሚጎዳው ሳንባን ብቻ አይደለም፤ የነካውን ቆዳ ሁሉ ያቃጥላል። አብዛኛው ወታደር ደግሞ ባዶ እግሩን ነው። ጭንብሉ ፊቱን ቢሸፍንለት እግሩን ምን ያድርግለት? ድካማቸው ከንቱ ነበር ማለቴ አይደለም፤ ፋሻውማ በጣም ያስፈልግ ነበር። ግን ፋሻ የሚያዘጋጅ እጅ ሲገኝ፣ ቁስል አጥቦ ማሰር የሠለጠነ ሰው በጣም ጥቂት ነበር።

ልዕልት ፀሐይ ይህን የተረዱት ይመስለኛል። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ከቤተሰባቸው ጋር ተሰደው እንግሊዝ አገር ሲገቡ፣ ለንደን ውስጥ በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት መማር ጀመሩ። በነሐሴ 1931 ዓ.ም. የሕፃናት ነርስ ሆነው ተመዘገቡ። ቀጥሎም ጋይስ በሚባለው ሆስፒታል ሠለጠኑ።

አገር ነፃ ሲወጣ ተመለሱ። በሚያዝያ 1934 ዓ.ም. ከዐቢይ አበበ ጋር ተጋብተው ወደ ወለጋ ሄዱ። አራት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. ለቀምት ላይ ከወሊድ ጋር በተያያዘ ችግር አረፉ። ዕድሜያቸው 22 ነበር፤ ከኛ ከሠልጣኞቹ ብዙም አይበልጡም።

መታሰቢያውን ለማሠራት እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክረስት ለንደን ላይ ገንዘብ አሰባሰቡ። ሆስፒታሉ በ1940ዎቹ ተከፍቶ ነርሶችም ሠለጠኑበት። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የልዕልቲቱ ስም ተነሥቶ የጦር ኃይሎች ተባለ። የቆሰለ ወታደር የሚተኛው እዚያው ነው።