ሞንቴሶሪ፦ ከታፔላው ጀርባ ያለችው ሴት

አዲስ አበባ ውስጥ ትንሽ ዞር ዞር ካላችሁ «ሞንቴሶሪ» የሚል ታፔላ የሰቀለ መዋዕለ ሕፃናት ማየታችሁ አይቀርም። የሰው ስም መሆኑን ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? ማሪያ ሞንቴሶሪ ጣሊያናዊት ሐኪም ነበረች። ከሥራዋ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ደግሞ ስለ ልጆች እንቅስቃሴ የሠራችው ነው።

የተወለደችው በ1870 ኪያራቫሌ በምትባል ከተማ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በ1896 ከሮም ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ስትመረቅ በአገሯ ሴት ሐኪም በጣት የሚቆጠር ነበር። ሥራ የጀመረችው በአእምሮ ሕክምና ክሊኒክ ነው። እዚያ በአእምሮ እድገት ወደ ኋላ የቀሩ ልጆች ከአዋቂ ሕሙማን ጋር ተዘግቶባቸው ሲውሉ አየች። የሚያስፈልጋቸው ከመድኃኒት ይልቅ ትምህርት ነው ብላ ደመደመች። ሴጊን የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም እንዲህ ያሉ ልጆችን ከጡንቻና ከስሜት ሕዋሳት ጀምሮ ያስተምር ስለነበር የእሱን መጻሕፍት አጠናች።

በ1898 ሳታገባ ማሪዮን ወለደች። ልጇን ግን ገጠር ያለ ቤተሰብ ነው ያሳደገላት። የሰው ልጆችን ስታስተምር የራሷን በእንግድነት ነበር የምትጎበኘው። ማሪዮ ካደገ በኋላ አብሯት ኖረ፣ ሥራዋንም ወረሰ።

ታዋቂ ያደረጋት ሥራ የመጣው ከማይጠበቅ ቦታ ነው። ሳን ሎሬንሶ በሚባለው የሮም ድሃ ሰፈር አንድ የቤት ድርጅት ያረጁ ሕንፃዎችን አድሶ አከራየ። ወላጆች ሥራ ሲውሉ ልጆቹ ደረጃው ላይ ይራወጣሉ፣ ግድግዳ ይሞነጫጭራሉ። ድርጅቱ ሂሳቡን ሠራ፦ በየጊዜው ከማሳደስ ልጆቹን የሚጠብቅ ሰው መቅጠር ይረክሳል። ኢኮኖሚክስ ለተማረ ሰው ይህቺ ስሌት ደስ ትላለች። ጃንዋሪ 6 ቀን 1907 «የልጆች ቤት» ተከፈተ፤ ኃላፊዋም ሞንቴሶሪ ሆነች።

ልጆቹ የተሰበሰቡት አርፈው እንዲቀመጡ ነበር። እሷ ግን የሚንቀሳቀሱበትን ቤት ሠራችላቸው። በጊዜው የተለመደውን፣ ልጅን ቆልፎ የሚይዝ ከባድ ዴስክ ትታ የአራት ዓመት ልጅ ብቻውን የሚያነሳውን ቀላል ወንበር አሠራች። ወንበሩን ይጥሉታል፣ ይንጫጫሉ ያሏት ነበሩ። መልሷ ቀላል ነው፦ ወንበሩ ሲወድቅ ልጁ አካሄዱን ማስተካከል እንዳለበት ያውቃል፤ ከማይንቀሳቀስ ዴስክ ግን ይህን አይማርም።

ጂምናስቲኳም ከልጅ የተቀዳ ነው። ትንንሽ ልጆች የሽቦ አጥር ላይ ወጥተው፣ የታችኛውን ሽቦ ረግጠው የላይኛውን እንደያዙ ወደ ጎን ሲሄዱ አየች። ሐኪም ናትና ምክንያቱ ገባት። የሕፃን ልጅ እግር ከደረቱና ከራሱ ጋር ሲነጻጸር አጭር ነው፣ ክብደቱን ለመሸከም ይደክማል። እጁ ሲያግዘው ግን እግሩ ሳይጨነቅ ይጠነክራል። ስለዚህ ልጆቹ እንዲንጠለጠሉበት ብላ አጥር አሠራች። ዥዋዥዌ፣ የገመድ መሰላል፣ መውጣትና መውረድ የሚለማመዱበት ትንሽ የእንጨት ደረጃም ጨመረች። ወለል ላይ በጠመኔ በተሰመረ መስመር መራመድ ሚዛን ያስተምራል፤ ቁልፍ መቆለፍና የጫማ ክር ማሰር ደግሞ የጣት ጂምናስቲክ ነበር። በትእዛዝ ሁሉም እኩል እጁን የሚያነሳበትን የትምህርት ቤት ስፖርት ግን አልወደደችውም።

በ1909 ዘዴዋን በመጽሐፍ አወጣች፤ ስሟም ከጣሊያን አልፎ ናኘ። ሙሶሊኒ መጀመሪያ ቢደግፋትም አልተስማሙም፤ በ1934 ትምህርት ቤቶቿ ተዘጉ፣ እሷም ከአገር ወጣች። በዓመቱ ያው አገዛዝ ኢትዮጵያን ወረረ። የዓለም ጦርነቱን ሕንድ ውስጥ መምህራን ስታሠለጥን አሳለፈች። በ1952 ኔዘርላንድስ ውስጥ አረፈች፤ የተቀበረችውም እዚያው ነው። አገሯ ግን በኋላ ምስሏን 1000 ሊሬ ኖት ላይ አወጣችው።

ታናሽ እህታችሁን ወይም ልጃችሁን ልታስመዘግቡ ስትሄዱ፣ የፊደል ገበታውን አይታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ወደ ግቢው ውጡ። የሚንጠለጠሉበት፣ የሚወጡበት፣ የሚሮጡበት ቦታ አለ? ተመልሳችሁ ደግሞ አንዱን ወንበር ብድግ አድርጉት። የአራት ዓመት ልጅ የማያነሳው ከሆነ፣ ሞንቴሶሪ ያለችው ታፔላው ላይ ብቻ ነው።