የስደተኛው መነኩሴ የአባ ሳብራ ሕይወት

አገራችን ጎንደር በነገሥታቷ ግንብ ትታወቃለች። ከዐፄ ፋሲል ግንብ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ግን፥ በዚሁ ደጋ የአንድን ሕዝብ ጸሎትና ሥርዓት ያቆሙ አንድ አባት ይኖሩ ነበር። ስማቸው አባ ሳብራ ይባላል። በዘንድሮው መጽሔታችን የእኚህን አባት ሕይወት ከሽማግሌዎች ትውፊትና ከታሪክ ጸሐፊዎች ጥናት እንደ ተረዳሁት ለመምህራኖቼ፥ ለጓደኞቼና ለወላጆቻችን በአጭሩ አቀርባለሁ።

በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ዐፄ ይሥሐቅ በወገራ በኩል ቤተ እስራኤልን ወግተው ድል አደረጉ። በትውፊት እንደሚነገረው፥ የተጠመቀ የአባቱን ርስት እንዲወርስ፥ ያልተጠመቀ ግን ርስት እንዳይኖረው ዐዋጅ ወጣ። መሬት ያጣው ሕዝብም በሸክላና በብረት ሥራ፥ በሽመናም ይተዳደር ጀመር።

አባ ሳብራ ወደዚህ ሕዝብ የመጡት ከዚህ በኋላ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፥ ማለትም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1434 እስከ 1468 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ክርስቲያን መነኩሴ ነበሩ ይባላል። ወደ ቤተ እስራኤል የመጡበትን ምክንያት ትውፊቶቹ በየፊናቸው ይናገራሉ፤ የአብዛኛዎቹ ፍጻሜ ግን አንድ ነው። ሊያስተምሩ ሄደው ከሚያስተምሯቸው ሰዎች እምነት ጋር ቀሩ። የንጉሡ ልጅ ጸጋ አምላክም ተከተላቸው፤ ሁለቱም ከንጉሡ ቁጣ ሸሽተው በሆሃርዋ ተሸሸጉ ይባላል። ይህ ስፍራ ከዚያ ወዲህ የቤተ እስራኤል መነኮሳት ዋና ገዳም ሆነ።

ስደተኛው ባዶ እጃቸውን አልተቀመጡም። ምንኩስናን በቤተ እስራኤል ዘንድ የተከሉ፥ ጸሎታቸውን ያደራጁና የንጽሕናን ሥርዓት ያጸኑ እርሳቸው ናቸው ብለው ካህናቱ ያስተምራሉ። መነኮሳቱም ከሰው መንደር ተለይተው እየኖሩ ለካህናቱ ትምህርት ይሰጡ ነበር። የቤተ እስራኤል ኦሪት የተጻፈው በግእዝ ነው፤ በሌላው ዓለም እንዳሉ አይሁድ ጥቅልል ሳይሆን በብራና የተጠረዘ መጽሐፍ ነው።

ይህ መጽሐፍ በክብር የሚታየው በስግድ በዓል ነው። ስግድ ከማስተስረያ ጾም በኋላ በ50ኛው ቀን፥ በጥቅምት ማገባደጃ ወይም በኅዳር ይውላል። በጎንደር አጠገብ በአምቦበር ካህናቱ ኦሪቱን ይዘው በጃንጥላ ጥላ ሥር ተራራ ይወጡ ነበር። ሕዝቡም ጾሞ፥ ለፈጣሪው መገዛቱን ሲገልጽ ድንጋይ ተሸክሞ ይከተላል፤ የሕጉን ቃል ሰምቶ ኪዳኑን ያድሳል፤ ወርዶም በአንድነት ይመገባል።

የመነኮሳቱ ቁጥር በ1880ዎቹ መጨረሻ በጀመረው በክፉ ቀን ረኃብ እጅግ ተመናመነ፤ በ20ኛው መቶ ዓመትም ሥርዓቱ ቀስ በቀስ ጠፋ። ሕዝቡም በ1984 በሱዳን በኩል ተሰደደ፤ ብዙዎች በመንገድ አለቁ። በ1991 ከአዲስ አበባ በ36 ሰዓት ያህል ከ14,000 የሚበልጡ ሰዎች በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ኦሪቱም አብሯቸው ሄደ። በ2008 የእስራኤል ሸንጎ ስግድን የአገር በዓል አድርጎ ደነገገ፤ ዛሬ በኢየሩሳሌም በየዓመቱ ይከበራል።

እኔን የሚያሳስበኝ የቀረው ነገር ነው። መጽሐፍ ይታዘላል፤ ተራራ ግን አይታዘልም። የአባ ሳብራ ገዳማት ስፍራ ከእኛ ዘንድ ነው፤ ስማቸውን የሚያውቁ ሽማግሌዎችም እያነሱ ሄደዋል። አያቶቻችን ከቤተ እስራኤል እጅ ማረሻ ያሠሩ፥ እንስራ የገዙ፥ በገበያም አብረው የዋሉ ናቸው። ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፥ በክረምቱ ዕረፍት ወደየቤታችን ስንመለስ፥ ገዳማቱ የት እንደ ነበሩ፥ ማን ማን በዚያ እንደ ጸለየ እንጠይቃቸው፤ የነገሩንንም በደብተራችን እንጻፍ።