የዑዘይር ታሪክና የአማና ነገር

ምስጋና ሁሉ፥ የፈረሰውን ለሚጠግን፥ የተበተነውንም ለሚሰበስብ ለአላህ ይሁን። ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ ላይ፥ በቤተሰቦቻቸውና በሰሐቦቻቸውም ላይ ይውረድ። ከዚህ በኋላ፥ የአላህ ባሮች ሆይ! የዛሬው ነገራችን ከኢስራኤል ልጆች መካከል ስለ ተነሣው ስለ ደጉ ሰው ስለ ዑዘይር ነው። ታሪኩንም የምንናገረው ለጨዋታ አይደለም፤ የሰው ገንዘብ በእጁ የሚገባ ሁሉ ይማርበት ዘንድ ነው እንጂ።

የኢስራኤል ልጆች አላህ በጸጋው ካከበራቸው በኋላ ኪዳናቸውን አፈረሱ፤ ደካማውን በደሉ፤ የሚመክሯቸውንም ነቢያት አስተባበሉ። አላህም በሱረቱል ኢስራእ እንዳስታወቀን፥ ርኅራኄ የሌለው ብርቱ ጠላት ላከባቸው። ብዙዎች የተፍሲር ሊቃውንት ይህ ጠላት የባቢሎን ንጉሥ ቡኽተነስር ነው ይላሉ። እርሱም በአውሮጳውያን አቆጣጠር ከዒሳ ልደት በፊት በ587 ወይም በ586 ዓመት በይተል መቅዲስን ከብቦ ያዘ፤ የአምልኮውን ቤት አቃጠለ፤ ቅጥሩን አፈረሰ፤ ሕዝቡንም ማርኮ ወደ ባቢሎን አፈለሰ።

ምርኮኞቹም በባዕድ አገር ኖሩ፤ ልጆችም ወለዱ። በዚያ ምድር ከአፈር ውስጥ የተገኙ የሸክላ ጽሑፎች፥ በመሬት ኪራይ፥ በብድርና በግብር ውል ላይ የአይሁዶችን ስም ያሳያሉ። ከዚህም በኋላ የፋርስ ንጉሥ ቂሮስ በ539 ዓመት ባቢሎንን ያዘና፥ ምርኮኞቹ ወደ አገራቸው እንዲመለሱ ፈቀደ። በመጻሕፍታቸው እንደ ተጻፈው፥ አገልጋዮቻቸው ሳይቆጠሩ 42,360 ሰዎች ተመለሱ። የአምልኮውም ቤት በ515 ዓመት ግድም ተሠርቶ ተፈጸመ። ነገር ግን ብዙዎች ቤትና ንብረት ይዟቸው በባቢሎን ቀሩ።

የዑዘይር ነገር በዚህ ዘመን ውስጥ ይገባል። አላህ በሱረቱል በቀራ፥ በፈረሰች ከተማ አጠገብ ስላለፈው ሰው ይነግረናል። ያ ሰው የወደቀውን ጣሪያና ግድግዳ አይቶ፥ ይህች ከተማ እንዴት ሕያው ትሆናለች ብሎ ተደነቀ። አላህም መቶ ዓመት አሞተውና አስነሣው። ሰውየው ግን የተኛው አንድ ቀን ወይም ከዚያ ያነሰ መሰለው። ምግቡና መጠጡ ሳይለወጥ ቆይቶ ነበር፤ የአህያውም አጥንት በዓይኑ ፊት ተገጣጥሞ ሥጋ ለበሰ። ያ ሰው ዑዘይር ነው የሚሉ ብዙ ሙፈሲሮች ናቸው፤ ሌሎች ደግሞ ኤርምያስ ነው ብለዋል። ስሙ ማንም ይሁን፥ ትምህርቱ አንድ ነው፤ አላህ ሊያስነሣው የፈለገውን ፍርስራሽ ማንም ሞቷል ሊል አይችልም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን በኢስራኤል ልጆች መጻሕፍት ከተተረከው፥ ሸሪዓችን ያላስተባበለውን ለምክር ያህል እንናገራለን። ዑዘይር የሕጉ ዐዋቂ ነበር። በፋርስ ንጉሥ በአርጤክስስ ዘመን፥ በብዙዎች የታሪክ ሊቃውንት አቆጣጠር ከዒሳ ልደት በፊት በ458 ዓመት፥ ከባቢሎን ለመውጣት ፈቃድ አገኘ። ከእርሱም ጋር ከ1,500 የሚበልጡ ወንዶች ከነቤተሰባቸው ተሰበሰቡ። መንገዱ የአራት ወር ነበረ፤ ሽፍታም ነበረበት። ዑዘይር ግን ጌታው የሚፈልጉትን ሁሉ እንደሚጠብቅ አስቀድሞ ለንጉሡ ተናግሮ ነበርና፥ ከዚያ በኋላ ፈረሰኛ ጠባቂ ይሰጠው ዘንድ መለመንን አፈረ። ስለዚህ በወንዝ ዳር ሕዝቡን አሰፈረ፤ ጾም ዐወጀ፤ የመንገዱንም ደኅንነት ከአላህ ለመነ።

ወንድሞቼ ሆይ! ይህ ሰው በአላህ መመካቱ ሚዛኑን አላስጣለውም። ንጉሡና ሹማምንቱ፥ በባቢሎንም የቀሩት ወገኖቹ፥ ለአምልኮው ቤት ብዙ ገንዘብ ሰጥተውት ነበር። ይኸውም 650 መክሊት ብር፥ 100 መክሊት ወርቅ፥ ከዚህም ሌላ የብር፥ የወርቅና የናስ ዕቃ ነበረ። አንዱ መክሊት 30 ኪሎ ያህል ሲሆን፥ ብሩ ብቻ 20,000 ኪሎ ግድም ይመዝን ነበር። ዑዘይር ከመነሣቱ በፊት ሁሉንም በፊታቸው መዝኖ ለተመረጡ አለቆች አስረከበ፤ በይተል መቅዲስም ደርሰው እስኪመዝኑ ድረስ ነቅተው እንዲጠብቁት አዘዛቸው። በደረሱም ጊዜ ሦስት ቀን ዐረፉ፤ በአራተኛው ቀን ገንዘቡ ሁሉ ዳግመኛ ተቈጠረ፥ ተመዘነ፤ ሚዛኑም በጽሑፍ ተመዘገበ።

አስተውሉ! ከወገኖቹ ታማኝ ሰዎች ጋር ሳለ ስለ ምን መዘነ? ቢጎድልም ባይጎድልም ሐሜት ይነሣ ነበርና ነው። አባቶቻቸው አገራቸውን ያጡት በክህደት ነበረ፤ ልጆቹም በክህደት ተጠርጥረው ቢገቡ ኖሮ፥ መመለሳቸው ምን ይጠቅማቸው ነበር?

ሁለተኛውና ከብርና ከወርቅ የሚበልጠው አማና ተውራት ነበረ። የሙስሊም ሊቃውንት እንደሚተርኩት፥ ተውራት ከመከራው የተነሣ ጠፍቶ በነበረ ጊዜ ዑዘይር ከልቡ አውጥቶ ለሕዝቡ አነበበላቸው። በእነርሱም መጻሕፍት፥ በሰባተኛው ወር መጀመሪያ ቀን በከተማው አደባባይ ቆሞ ከማለዳ እስከ ቀትር ለወንዶችም ለሴቶችም ሕጉን እንዳነበበ፥ መምህራንም ትርጉሙን እንዳስረዱ ተጽፏል። ሕዝቡም በሰሙ ጊዜ አለቀሱ። ያን ጊዜም ልቅሶውን ትተው እንዲበሉና እንዲጠጡ፥ ምንም ላላዘጋጀ ድኻም ድርሻውን እንዲልኩ ታዘዙ። እንግዲህ የሕዝቡ መመለስ የተፈጸመው ቅጥሩ ሲቆም ብቻ አይደለም፤ ሕጉ ሲሰማና ድኻው ሲጠግብ ነው።

ዑዘይርን ከፍ ካለው ደረጃው የተነሣ ከባርነት በላይ ያደረጉትን ቁርአን ገሥጿል። እርሱ የአላህ ደግ ባሪያ ነው፤ ብዙዎች ሊቃውንትም ከነቢያት ይቈጥሩታል። በደቡብ ኢራቅ፥ ዲጅላ በሚባለው በጤግሮስ ወንዝ ዳር፥ በስሙ በምትጠራ ከተማ የእርሱ ነው የሚባል መቃብር አለ፤ ሙስሊሞችም አይሁዶችም ሲዘይሩት ኖረዋል።

የአላህ ባሮች ሆይ! የፈረሰችው ከተማ ታሪክ በተነገረባት በሱረቱል በቀራ፥ ጥቂት አንቀጾች አለፍ ብሎ፥ ዕዳን እንድንጽፍና ምስክር እንድናቆም ታዘናል። ሙታንን የሚያስነሣው ጌታ ስለ ብድር ወረቀታችን ይጠይቀናል። እንግዲህ የየቲም ገንዘብ በእጅህ ያለ፥ የሸሪክህን ዕቃ በመጋዘንህ ያኖርህ፥ የመንገደኛን አደራ የተቀበልህ ነጋዴ ሆይ! ስትቀበል መዝን፤ ስታስረክብም መዝን፤ በመካከሉም ጻፍ። ወንድሜ ያምነኛል ብለህ መዝገቡን አትተው፤ አንተ ነገ ብትሞት ልጆችህ በምን ይመልሳሉ? አንቺም የቤት እመቤት፥ ጎረቤትሽ ያስቀመጠችውን ጥቂት ነገር እንደ ዑዘይር ወርቅ ጠብቂው።

አላህ ሆይ! አማናን ከሚጠብቁት አድርገን፤ የተበተነውን ሰብስብልን፤ ወደ አንተ በምንመለስበትም ቀን ሚዛናችንን ሙሉ አድርግልን። አሚን።