የኮሂማር አስጋሪዎች ያልረሱት ሰው፦ ኧርነስት ሄሚንግዌይና ባሕሩ

ከኩባ ዋና ከተማ ከሃቫና በስተምሥራቅ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቃ ኮሂማር የምትባል የዓሣ አስጋሪዎች መንደር ትገኛለች። በባሕሩ ዳርቻ፣ ስፔናውያን በጥንት ዘመን ካነጹት ምሽግ አጠገብ፣ የአንድ ጢማም ሰው የነሐስ ሐውልት ቆሟል። ነሐሱ ከመንግሥት ግምጃ ቤት የወጣ አይደለም፤ ከነጋዴም አልተገዛም። የመንደሯ አስጋሪዎች ከየጀልባቸው የፈቱትን አሮጌ የሞተር ክንፍ፣ የገመድ ማሰሪያና ልዩ ልዩ ቁርጥራጭ አዋጥተው፣ አንድ ቀራጺ አቅልጦ የሠራላቸው ነው። ለአስጋሪ የጀልባው ብረት ለገበሬ እንደ ማረሻው ብረት ነው። ያንን አውጥቶ መስጠት ቀላል ነገር አይደለም።

ሐውልቱ የቆመው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። የቆመለት ሰው ግን ኩባዊ አልነበረም፤ አሜሪካዊው ደራሲ ኧርነስት ሄሚንግዌይ ነበር። ድሆቹ አስጋሪዎች ለአንድ ባለጸጋ የባዕድ አገር ሰው ይህን ያህል ክብር የሰጡበትን ምክንያት ለመረዳት፣ በዚያ ሞቃታማ ባሕር ላይ ያሳለፋቸውን ዓመታት መከተል ያሻል።

ሄሚንግዌይ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 21 ቀን 1899 በኢሊኖይ ግዛት፣ በቺካጎ አቅራቢያ በምትገኘው ኦክ ፓርክ ተወለደ። አባቱ ሐኪም ነበሩ። ቤተሰቡ የትምህርት ቤት ረፍት በደረሰ ቁጥር በሰሜን ሚሺጋን ሐይቅ ዳር ወዳለች ጎጆ ይወርድ ነበር። አባትየው ልጃቸውን መንጠቆ መጣልና ጠመንጃ መያዝ ያስተማሩት በዚያ ነው። ልጁ ካደገ በኋላ በካንሳስ ሲቲ ጋዜጠኛ ሆነ፤ በ1918 በአንደኛው የዓለም ጦርነት በቀይ መስቀል የአምቡላንስ ሾፌርነት ወደ ጣሊያን ግንባር ዘምቶ፣ 19 ዓመት ሳይሞላው ክፉኛ ቆሰለ። ቀጥሎም ፓሪስ ከትሞ በጻፋቸው ልብ ወለዶች ስሙ ገነነ። በ1928 ወደ አገሩ ሲመለስ የመረጠው ቦታ የአሜሪካ ምድር በደቡብ በኩል የሚያልቅባትን ኪ ዌስት የተባለች ደሴት ነበር።

ከዚያች ደሴት እስከ ሃቫና ያለው የባሕር መንገድ 170 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ1932 የጸደይ ወራት ሄሚንግዌይ በአንድ ወዳጁ ጀልባ ተሳፍሮ ተሻገረ። ወዳጁ የመጠጥ ቤት ባለቤት ሲሆን፣ አልኮል በአሜሪካ በሕግ በተከለከለበት በዚያ ዘመን ሮም የተባለውን የሸንኮራ አረቄ ከኩባ በድብቅ ያመላልስ ነበር። ለጥቂት ቀናት የታሰበው ጉዞ ወደ ሁለት ወር ተራዘመ። ደራሲውን ያስቀረው ማርሊን የተባለው ዓሣ ነበር። ማርሊን የላይኛው መንጋጋው እንደ ጦር የሾለ፣ ሲያዝ ከውኃው እየዘለለ የሚታገል፣ ትልቁ ዝርያ ከአምስት ኩንታል በላይ ሊመዝን የሚችል የሞቃት ውቅያኖስ ዓሣ ነው።

የሃቫና ባሕር ለዚህ ዓሣ የተመቸ ነው። ገልፍ ስትሪም የተባለው ታላቅ የውቅያኖስ ጅረት ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ በኩባ የባሕር ጠረፍ አጠገብ ያልፋል። ውኃው ጥልቅና ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ ከወደቡ ብዙም ሳይርቁ ጥልቀቱን ያገኙታል። ከምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ ከጅረቱ ጋር ፊት ለፊት ሲጋጠም ማዕበሉ ይነሣል፤ የአካባቢው አስጋሪዎች እንደሚያውቁትም ዓሣው ወደ ላይ የሚወጣው ያን ጊዜ ነው። አስጋሪዎቹ በትንንሽ ጀልባ እየተንሳፈፉ፣ ወፍራም ገመድ በእጃቸው ይዘው፣ በተለያየ ጥልቀት መንጠቆ ይጥሉ ነበር። መንጠቆው በማባበያው ዓሣ ሆድ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይደበቃል። ዓሣን መብላት በብልሃት እንዲሉ፣ ይህ ሁሉ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ ዕውቀት ነው።

ሄሚንግዌይ በዚህ ዕውቀት ፊት ተማሪ ሆኖ ቀረበ። መምህሩ ካርሎስ ጉቲዬሬዝ የተባለ፣ ዕድሜውን በማርሊን ስገራ ያሳለፈ ኩባዊ ነበር። ደራሲው የነፋሱን አቅጣጫ፣ የጅረቱን ፍጥነት፣ የዓሣውን ክብደትና ርዝመት በየዕለቱ ይመዘግብ ጀመር። በ1933 ብቻ ከ50 በላይ ማርሊን ያዘ። በዚያው ዓመት ኤስኳየር የተባለው መጽሔት መታተም ሲጀምር፣ የመጀመሪያው እትም ይህንኑ የሃቫና ስገራ የሚተርክ ጽሑፉን ይዞ ወጣ። ከዚያ በኋላ የባሕር ላይ ትዝታዎቹን ለአንባቢ ማካፈል አንዱ ሥራው ሆነ።

በ1934 ኒው ዮርክ ውስጥ 38 ጫማ ወይም 11 ሜትር ተኩል የሚረዝም ጀልባ አሠራና ፒላር ብሎ ሰየመው። ለክፍያው ከመጽሔቱ ቀብድ ተቀብሏል። ጀልባው ሁለት ሞተሮች ነበሩት፤ አንዱ ለጉዞ፣ ሌላው ማባበያውን ከኋላ እያስከተሉ በቀስታ ለመንዳት ያገለግሉ ነበር። በዚያው ዓመት ከፊላደልፊያ የተፈጥሮ ሳይንስ አካዳሚ የመጡ ሁለት ባለሙያዎች በፒላር ተሳፍረው የማርሊን ዝርያዎችን አጠኑ። ከእነርሱ አንዱ የሆነው ሄንሪ ፋውለር በቀጣዩ ዓመት አንድ አዲስ የዓሣ ዝርያ በደራሲው ስም ሰየመ።

ይሁን እንጂ የእነዚያ ዓመታት ሄሚንግዌይ ትሕትና የበዛበት ሰው አልነበረም። በሚያዝያ 1935 ወደ ባሃማስ ደሴቶች ሲጓዝ፣ የተያዘ ሻርክ በሽጉጥ ልግደል ብሎ ጥይቱ ነጥሮ የገዛ እግሮቹን አቆሰለ። ሕክምናውን ጨርሶ ዳግም ጉዞ ሲጀምር ቢሚኒ የተባለች ደሴት ደረሰ። በዚያ ሌላ ፈተና ጠበቀው። ትልልቅ ዓሦች ገና ወደ ጀልባው ሳይደርሱ ሻርኮች ይቀራመቷቸው ነበር። አንድ ሠዓሊ ወዳጁ ግዙፍ ማርሊን ይዞ ሲታገል፣ ሄሚንግዌይ በተከበቡት ሻርኮች ላይ አውቶማቲክ መሣሪያ ተኮሰ። የሻርኮቹ ደም ሌሎች ሻርኮችን ጠራ። ከማርሊኑ ሊድን የቻለው 500 ፓውንድ፣ ማለትም ሁለት ኩንታል ከሩብ ያህል ብቻ ነበር። የሁለቱ ሰዎች ወዳጅነትም ከዚያ ወዲያ ሻከረ።

በዚያ ጊዜ ሻርክ ለሄሚንግዌይ ዋንጫ የሚነጥቅ ጠላት ነበር። የጎደለበት ነገር ቢኖር ክብርና ፎቶግራፍ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ እንጀራ አልጎደለም።

በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር የፋሺስት ጣሊያን ጦር ኢትዮጵያን ወረረ። ሄሚንግዌይ የኢትዮጵያን ምድር ባይረግጥም፣ በጥር 1936 በዚያው መጽሔት ላይ ወረራውን የሚነቅፍ ጽሑፍ አወጣ። በወጣትነቱ ከጣሊያን ወታደሮች ጎን የቆሰለ ሰው እንደመሆኑ፣ በሙሶሊኒ ምኞት ምክንያት የድሃ ልጆች በሩቅ አገር የአሞራ ሲሳይ እንደሚሆኑ አሳሰበ። ጽሑፉ ጦርነቱን የተመለከተው ከመሪዎቹ ወንበር ሳይሆን ዋጋውን ከሚከፍለው ተራ ሰው አንጻር ነበር።

ከሦስት ወር በኋላ፣ በሚያዝያ 1936፣ ስለ ባሕር በጻፈው ሌላ ጽሑፍ ውስጥም እንዲሁ አንድ ተራ ሰው ብቅ አለ። ታሪኩን የነገረው ካርሎስ ነበር። አንድ ሽማግሌ አስጋሪ ብቻውን በትንሽ ጀልባ ወጥቶ ግዙፍ ማርሊን ያዘ። ዓሣው ጀልባውን ወደ ጥልቁ ባሕር ጎተተው። ሽማግሌው ሁለት ቀንና ሁለት ሌሊት ታግሎ ድል ካደረገ በኋላ ዓሣውን ከጀልባው ጎን አሰረ። ያን ጊዜ ሻርኮች መጡ። በመቅዘፊያው እስኪዝል ቢመታቸውም ብዙውን ሥጋ በሉት። ሌሎች አስጋሪዎች ከባሕር ሲያነሡት ያለቅስ ነበር። ከዓሣው የቀረው ከግማሽ ያነሰ ሲሆን፣ እሱም 800 ፓውንድ፣ ከሦስት ኩንታል ተኩል በላይ ይመዝን ነበር።

ሄሚንግዌይ ታሪኩን በአንድ አንቀጽ ብቻ ጽፎ አለፈው። ታሪኩ ግን እርሱን አላለፈውም። በ1939 ለአሳታሚው ይህንኑ ታሪክ ሊጽፈው እንዳሰበ ገለጸ። ሆኖም የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት መጽሐፍ ቀደመ። በዚያው ዓመት ከሃቫና ወጣ ብሎ በሚገኝ ኮረብታ ላይ ፊንካ ቪሂያ በተባለ ቤት ተቀመጠ፤ ቀጥሎም ገዛው። በ1938 በካርሎስ ቦታ የተተካው የካናሪ ደሴቶች ተወላጅ ግሪጎሪዮ ፉዌንቴስ ፒላርን ይንከባከብ ነበር። ጀልባዋም ኮሂማር ላይ ትታሰር ጀመር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሁለቱ ሰዎች በፒላር የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦችን ፍለጋ ባሕሩን አሰሱ። የቀሩትን ዓመታት ደግሞ ከመንደሯ አስጋሪዎች ጋር በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጦ ሲሰማ፣ ሲጠይቅና ሲያወጋ ኖረ።

በ1951 መጀመሪያ ላይ፣ ታሪኩን በመጽሔት ካሰፈረ ከ15 ዓመት በኋላ፣ ሽማግሌውና ባሕሩ የተሰኘውን አጭር ልብ ወለድ በሁለት ወር ገደማ ጻፈው። ባለታሪኩ ሳንቲያጎ 84 ቀናት ዓሣ ሳይዝ ቆይቶ በ85ኛው ቀን ወደ ሩቅ ባሕር ይወጣል። የያዘውን ማርሊን ከጀልባው ጎን አስሮ ወደ ቤቱ ሲመለስ ክብደቱንና የአንዱን ፓውንድ የገበያ ዋጋ በልቡ ያሰላል፤ ድካሙ በርትቶበት ሒሳቡ ያስቸግረዋል። ይህን ስሌት የሚያውቅ የገጠር ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ በአውድማ ላይ ያለ እህል ገና ሳይገባ የሚሰላው ሒሳብ ነው። ሻርኮቹ ሲመጡ የሚወስዱት ዋንጫ አይደለም። የአንድ ድሃ ሽማግሌ የወራት ቀለብ፣ ከዚያም በላይ ከመንደሩ ሰዎች ፊት የሚቆምበት ሞገስ ነው።

ቢሚኒ ላይ በሻርክ የተተኮሰው ጥይትና የሳንቲያጎ የተሰበረ ቢላዋ በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ የሚገኙ ሁለት የተለያዩ ጫፎች ናቸው። በመካከላቸው ያሉት ዓመታት ሄሚንግዌይ የራሱን ገድል ከመተረክ ይልቅ የሌሎችን ኪሳራ ማዳመጥ የተማረባቸው ናቸው።

መጽሐፉ በመስከረም 1952 ላይፍ በተባለው መጽሔት ሲወጣ አምስት ሚሊዮን ቅጂዎች በሁለት ቀን ተሸጡ። በ1953 የፑሊትዘር፣ በ1954 የኖቤል ሽልማት ተከተለ። ደራሲው በ1954 መባቻ በምሥራቅ አፍሪካ በሁለት ተከታታይ የአውሮፕላን አደጋዎች ስለተጎዳ ሽልማቱን ሊቀበል ስዊድን አልሄደም። የኖቤል ሜዳሊያውን ለኩባ ሕዝብ ሰጠ። ሜዳሊያውም በኤል ኮብሬ በሚገኘው የማርያም መቅደስ ተቀመጠ። በኩባውያን እምነት የዚያ መቅደስ ምስል በባሕር ላይ የተገኘው በትንሽ ጀልባ በሚቀዝፉ ሦስት ድሆች ነው።

መጽሐፉ ወደ ፊልም ሲለወጥ ሄሚንግዌይ ትክክለኛ ግዙፍ ማርሊን ለማስቀረጽ በ1956 ከቡድኑ ጋር ወደ ፔሩ ጠረፍ ወደ ካቦ ብላንኮ ተጓዘ። ከሳምንታት ልፋት በኋላም የሚፈለገውን ያህል ዓሣ በካሜራ ፊት አልተገኘም። ፊልሙ የተሟላው ሌላ አጥማጅ በ1953 በዚያው ባሕር ክብረ ወሰን የሆነ ማርሊን ሲይዝ በተቀረጸ ምስልና በሰው ሠራሽ ዓሣ ጭምር ነበር።

በግንቦት 1960 በሃቫና በስሙ በሚካሄደው የማርሊን ውድድር ላይ ለአሸናፊው ለፊደል ካስትሮ ዋንጫውን አስረከበ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ኩባን ለቆ ወጣ፤ ዳግም አልተመለሰም። ሕመሙ ጠንቶ፣ መንፈሱም ታውኮ ነበር። ለጭንቀቱ የተሰጠው የኤሌክትሪክ ሕክምና የማስታወስ ችሎታውን ጎዳው። ዕድሜውን ሙሉ የነፋሱን፣ የጅረቱንና የሰዎችን ነገር በአእምሮው አከማችቶ ከዚያ እየቀዳ ለሚጽፍ ሰው፣ ከዚህ የከፋ ኪሳራ አልነበረም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2 ቀን 1961፣ 62ኛ ዓመቱን ሊይዝ ሦስት ሳምንት ሳይሞላው፣ በአይዳሆ ግዛት ኬችም በገዛ እጁ ሕይወቱን አጠፋ።

ከእርሱ የጠፋው ትዝታ ግን በሌሎች ዘንድ ነበር። የኮሂማር አስጋሪዎች ነሐሳቸውን አዋጡ። ፒላርን የወረሰው ግሪጎሪዮ ጀልባዋን ለኩባ መንግሥት አስረከበ፤ ዛሬ በፊንካ ቪሂያ ግቢ፣ በደረቅ ምድር ላይ ጥላ ተሠርቶላት ትታያለች። ግሪጎሪዮ ራሱ ከዚያ በኋላ 40 ዓመት ኖረ። በኮሂማር ከየአገሩ ለሚመጡ ጎብኝዎች፣ ትንባሆውን እያጨሰ፣ ስለ ጀልባዋ፣ ስለ ዓሦቹና ስለ ወዳጁ ያወጋ ነበር። በ2002 ሲያርፍ ዕድሜው 104 ደርሶ ነበር።