ሐኪም ኢብኑ ሒዛም (ረ.ዐ)፦ ከሦስተኛው ጥያቄ በኋላ

ጁምዓ ሰግደን ስንወጣ በመስጂዱ በር ላይ የሚዘረጉልን እጆች ብዙ ናቸው። አንዳንዶቻችን ሳንቲም ጥለን እናልፋለን፤ ሌሎቻችን ለምን አትሠራም ብለን እንቆጣለን። ዛሬ የሐኪም ኢብኑ ሒዛምን (ረ.ዐ) ታሪክ የመረጥነው ለዚህ ነው፤ ድሃ ባይሆኑም የመጠየቅን ነገር በራሳቸው ላይ ያዩ ሰሓባ ናቸውና።

ሐኪም የእናታችን ኸዲጃ (ረ.ዐ) የወንድም ልጅ፣ በመካ የታወቁ ነጋዴ ነበሩ። በኒ ሃሺም በአቡ ጧሊብ ሸለቆ በማዕቀብ በተራቡ ጊዜ፣ ገና ሳይሰልሙ ለአክስታቸው ስንዴ ሊያደርሱ ሲሄዱ አቡ ጀህል መንገድ ላይ ይዟቸዋል። በጃሂሊያ ዘመን 100 ባሪያዎችን ነጻ አውጥተዋል፤ 100 ግመልም ለግሰዋል። የሰለሙት ግን ዘግይተው፣ መካ በተከፈተችበት በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ ነው።

ከዚያ በኋላ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ገንዘብ ጠየቁ። ሰጧቸው። ደግመው ጠየቁ፤ ሰጧቸው። ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቁ፤ አሁንም ሰጧቸው። ምክሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ገንዘብ ለምለምና ጣፋጭ መሆኑን፣ በስስት የወሰደው በረካ እንደማያገኝበትና በልቶ እንደማይጠግብ ሰው እንደሚሆን፣ የላይኛዋ እጅም ከታችኛዋ እንደምትበልጥ ነገሯቸው። ቅደም ተከተሉን ልብ እንበል። መጀመሪያ ተሰጠ፣ ከዚያ ተመከረ። እኛ ዘንድ ግን ብዙ ጊዜ ምክሩ ብቻውን ይመጣል፤ ያውም ሰው እየሰማ፣ በቁጣ።

ሐኪም ከእርሳቸው በኋላ እስኪሞቱ ከማንም ምንም ላለመቀበል ማሉ። አቡበክር (ረ.ዐ) በኸሊፋነታቸው ድርሻቸውን ሊሰጧቸው ጠሯቸው፤ እምቢ አሉ። ዑመርም (ረ.ዐ) ጠሯቸው፤ እምቢ አሉ። ይህ ምጽዋት አልነበረም፤ ከሙስሊሞች የጋራ ሀብት የሚደርሳቸው መብት ነበር። ዑመር ነገ መብቱን ከለከሉት እንዳይባል ሕዝቡን ምስክር አደረጉ።

እርግጥ ይህ የሐኪም የግል ቃል ኪዳን እንጂ ችግረኛ ዘካ እንዳይቀበል የሚከለክል ሕግ አይደለም። እሳቸው ንግድ የሚያውቁ፣ መነሻ ያላቸው ሰው ነበሩ። ምንም የሌላትን እናት በእሳቸው ልክ መለካት ግፍ ነው። ለእሷ ዘካችንን በየበሩ ከመበተን አሰባስበን መነሻ የሚሆን ነገር ብንሰጣት ይሻላል እንላለን።

በመጨረሻ ዘመናቸው ዳሩን-ነድዋን፣ ያንን የቁረይሾች መማከሪያ ቤት፣ ለሙዓዊያ በ100,000 ዲርሃም ሸጡ። የቁረይሽን ክብር ሸጡ ተብለው ሲወቀሱ ከተቅዋ በቀር ያ ክብር ሁሉ እንዳለፈ መለሱ፤ ገንዘቡንም በሙሉ ሶደቃ አደረጉት።