ጆርጅ ሙለርና የዕለት እንጀራ

ስለ ጆርጅ ሙለር የሚናገሩ ሰዎች ታሪኩን ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት ካሠራቸው ከአምስቱ ታላላቅ ቤቶችና በእርሱ ዘመን ካደጉት ከዐሥር ሺህ ከሚበልጡ እጓለ ማውታ ልጆች ነው። እኛ ግን ከሌብነቱ እንጀምራለን። የእግዚአብሔርን ታማኝነት ለሰው ለማሳየት ዕድሜውን በሙሉ የሰጠ ሰው፣ በልጅነቱ የገዛ አባቱ እንኳ የማያምነው ልጅ እንደ ነበረ አስቀድሞ ሊታወቅ ይገባል። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ሙለር በ1805 ዓ.ም. በፕሩስያ አገር ክሮፐንሽቴት በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ የመንግሥት ቀረጥ ሰብሳቢ ስለ ነበረ በቤታቸው የመንግሥት ገንዘብ ይቀመጥ ነበር፤ ልጁም ዐሥር ዓመት ሳይሞላው ከዚያ ገንዘብ መስረቅ ጀመረ። አባትየው ነገሩን ጠረጠረና አንድ ቀን ገንዘቡን ቆጥሮ ልጁ ብቻውን ባለበት ክፍል ትቶት ወጣ። ተመልሶ ቢቆጥር ጎደለ፤ ልጁን ቢፈትሸው የጎደለው ገንዘብ ከጫማው ውስጥ ከእግሩ ሥር ተገኘ። ዐሥራ አራት ዓመት በሆነው ጊዜ እናቱ ስታጣጥር እርሱ ካርታ ሲጫወት አመሸ። በዐሥራ ስድስት ዓመቱም በየሆቴሉ እየበላና እያደረ ሳይከፍል ሲሸሽ ተይዞ ከሦስት ሳምንት በላይ ታሰረ። አባቱ ይህን ልጅ ቄስ ሊያደርገው ፈለገ፤ ምክንያቱም ስለ ነፍሱ አስቦ ሳይሆን ቄስ ጥሩ ደመወዝና ምቹ ቤት ስለሚያገኝ፣ በእርጅናው ወራት ከልጁ ጋራ ተቀምጦ ለመጦር ነው።

ሙለርም ሃሌ ወደሚባለው ከተማ ሄዶ ትምህርተ መለኮት ያጠና ጀመር። በ1825 ዓ.ም. ከጓደኞቹ አንዱ በአንድ ነጋዴ ቤት ለጸሎት ወደሚሰበሰቡ ጥቂት ምእመናን ወሰደው። በዚያ ምሽት አንድ ሰው ተንበርክኮ ሲጸልይ አየ፤ የቄስነት ተማሪ ሁኖ ሳለ ሰው በጉልበቱ ተንበርክኮ ሲጸልይ ሲያይ ይህ የመጀመሪያው ነበረ። ሕይወቱ የተለወጠው ከዚያ ምሽት ጀምሮ ነው። በዚያው በሃሌ አውግስት ሄርማን ፍራንከ የተባለው መምህር ከመቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ ያቋቋመው ታላቅ የእጓለ ማውታ ቤት ነበረ፤ ሙለርም ለጥቂት ጊዜ አድሮበታል።

በ1829 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ አገር ተሻገረ፤ በማግሥቱ ዓመትም በደቡብ እንግሊዝ ባሕር ዳር ባለች በቲንመዝ ከተማ የአንዲት ትንሽ ማኅበር አገልጋይ ሁኖ ሜሪ ግሮቭዝ የምትባል ሴት አገባ። በዓመት 55 ፓውንድ ደመወዝ ነበረው። ገንዘቡ የሚገኘው ግን ከጸሎት ቤቱ መቀመጫ ኪራይ ነበርና ባለጠጋው ከፊት፣ ድኻው ከኋላ ይቀመጥ ነበር። ሙለር ይህን አልወደደም፤ ደመወዙን ተወና በጸሎት ቤቱ በር አጠገብ ሣጥን አኖረ፤ የወደደ ይጣልበት፣ ማን እንደ ጣለ አይታወቅ ብሎ። ባልና ሚስቱም ሁለት ነገር ተስማሙ፦ የጎደላቸውን ለእግዚአብሔር እንጂ ለሰው ላይናገሩ፣ ከማንም ላይበደሩ።

በ1832 ዓ.ም. ከጓደኛው ከሄንሪ ክሬክ ጋራ ወደ ብሪስቶል ሄደ። በዚያው ዓመት በከተማይቱ የኮሌራ በሽታ ገብቶ ብዙ ሰው ጨረሰ፤ አባትና እናት የሌላቸው ልጆችም በየመንገዱ ይታዩ ነበር። ነገር ግን ሙለርን ወደ ታላቁ ሥራ ያነሣሣው የልጆቹ ችግር ብቻ አልነበረም። ከሚጎበኛቸው ምእመናን አንዱ በቀን ከዐሥራ አራት እስከ ዐሥራ ስድስት ሰዓት የሚሠራ የእጅ ሠራተኛ ነበረ። ሰውነቱ ደክሟል፣ ለጸሎትም ጊዜ የለውም። ሙለር ሥራውን ቀነስ እንዲያደርግ ቢመክረው፣ ከቀነስሁ ለቤተሰቤ የሚበቃ አላገኝም የሚል መልስ ሰጠው። እግዚአብሔርን አምናለሁ የሚል ሰው ለእንጀራው ሲሆን ግን የሚያምነው ጉልበቱን ብቻ ነው። እንግዲህ ሙለር፣ እግዚአብሔር ጥንት እንደ ነበረ ዛሬም ታማኝ መሆኑን እንዲህ ያለው ሠራተኛ በዓይኑ የሚያየው ነገር ያስፈልገዋል ብሎ አሰበ። አንድ ድኻ ሰው ማንንም ሳይለምን፣ በጸሎት ብቻ የእጓለ ማውታ ቤት ቢያቆም፣ ከዚህ የሚበልጥ ምስክር ወዴት ይገኛል?

ልጆቹ ለምስክርነት መሣሪያ ሆኑ ብሎ የሚነቅፍ ይኖር ይሆናል። ለልጆቹ ያደረገውን ያየ ግን ይህን ነቀፋ አይደግመውም። ወንዶቹ ሙያ እንዲማሩ ለባለ ሙያ ይሰጡ ነበር፤ ሴቶቹ እስከ ዐሥራ ሰባት ዓመት ድረስ በቤቱ ቆይተው በሰው ቤት ሥራ ይያዝላቸው ነበር፤ ሲወጡም ልብስና መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው ነው።

ቤቱን ለማቋቋም ለገንዘቡ ጸለየ፤ ለቤቱ ጸለየ፤ ለሠራተኞቹም ጸለየ። ሁሉም ተገኘ። በየካቲት 1836 ዓ.ም. የልጆችን ስም ለመመዝገብ በቀጠረው ቀን ሁለት ሰዓት ያህል ተቀምጦ ቢጠብቅ አንድ ሰው እንኳ አልመጣም። ወደ ቤቱ ሲመለስ ልጆቹ እንዲመጡ አለመጸለዩን አስታወሰ፤ ይህማ በራሱ የሚሆን ነገር መስሎት ነበርና። በዚያ ምሽት ተደፍቶ ጸለየ፤ በማግሥቱ የመጀመሪያዋ ልጅ ተጠየቀለች፤ ጥቂትም ሳይቆይ አመልካቾቹ ከአርባ በለጡ። ሚያዝያ ላይ በዊልሰን ጎዳና የተከራየው ቤት ለሴቶች ልጆች ተከፈተ።

ከዚህ በኋላ የመጣው ዘመን ከሁሉ የሚያስደንቅ ነው። የሚያስደንቀውም ብዙ ገንዘብ ስለ ተገኘበት ሳይሆን ጥቂት ስለ ነበረ ነው። በ1838 ዓ.ም. በሦስት ቤቶች መቶ ያህል ሰው ይመገብ ነበር፤ በካዝናው ግን ለነገ የሚሆን ሳንቲም አይገኝም። በመስከረም ወር አንድ ቀን ገንዘቡ ፈጽሞ አለቀ። ሠራተኞቹ ከገዛ ኪሳቸው ያላቸውን ሁሉ አዋጥተው ጨርሰዋል፤ ለቤቱ እጅግ የማያስፈልጉትን ዕቃዎች ለመሸጥ ተቃረቡ። በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ ከሎንዶን አቅራቢያ የመጣች አንዲት ሴት ልጅዋ የላከችውን 3 ፓውንድ፣ 2 ሺሊንግና 6 ፔንስ ይዛ መጣች። ይህች ሴት ብሪስቶል ከገባች አራት ወይም አምስት ቀን ሆኗታል፤ ያረፈችውም ከወንዶቹ ልጆች ቤት አጥር ለአጥር በሚዋሰን ቤት ነበረ። እነዚያ ሰዎች ፔኒ በፔኒ እየቆጠሩ ሲጨነቁ ገንዘቡ ከግድግዳው ማዶ ተቀምጦ ነበር። ሙለር ለምን ዘገየ ብሎ አላጉረመረመም፤ በጣም ደስ አለው፤ እግዚአብሔር ከመጀመሪያው ሊረዳን አስቦ ሳለ እንድንጸልይ ቆየ ብሎ ጻፈ።

በአዳሪ ቤት የምንኖር ተማሪዎች የምሳ ደወል ሲደወል እንጀራው ከወዴት እንደ መጣ አንጠይቅም። በዊልሰን ጎዳና የነበሩት ልጆችም አልጠየቁም፤ ብዙዎቹም በዚያ ቀን ቁርሱ ከመቅረቡ ከጥቂት ሰዓት በፊት ምንም እንዳልነበረ ሳያውቁ አደጉ። ጭንቀቱ የሙለርና የባልንጀሮቹ ነበረ። እነርሱም ዱቤ አይወስዱም፤ ዳቦ ጋጋሪውና ወተት ሻጩ ገንዘባቸውን ካላገኙ ዕቃው አይወሰድም ነበር።

አንዳንዶች በየዓመቱ የሥራውን ዘገባ አሳትሞ ማውጣቱ ሌላ ዓይነት ልመና ነው ይሉ ነበር። ለዚህ መልስ የሚሆነው በ1841 ዓ.ም. መጨረሻ ያደረገው ነገር ነው። ዘገባው የሚነበብበትና ሕዝብ የሚሰበሰብበት ጊዜ ደረሰ፤ በቤቱም ታላቅ ችግር ነበረ። ሌላ ሰው ቢሆን ስብሰባውን ያፋጥነው ነበር። ሙለር ግን በችግሬ ጊዜ ብናገር ለሰው የነገርሁ ይሆናል ብሎ ስብሰባውንም ዘገባውንም አዘገየ። ተከትለውት የመጡት ወራት ካለፉት የከፉ ነበሩ፤ አንዳንድ ቀን ጥቂት ፔንስ ብቻ ይተርፍ ነበር። ነገር ግን ልጆቹ ጾማቸውን አላደሩም።

የሙለር እምነት የዝንጉ ሰው እምነት አልነበረም። ለተሰጠው ሁሉ፣ አንዲት ፔኒም ብትሆን፣ ደረሰኝ ይሰጥ ነበር፤ ሒሳቡም ሰው ሁሉ እንዲያየው ይታተም ነበር። በልጅነቱ የአባቱን ገንዘብ በጫማው የደበቀው እጅ በኋላ ይህን መዝገብ ጻፈ።

በ1845 ዓ.ም. አንድ ጎረቤት ልጆቹ ጫጫታ ያበዛሉ ብሎ በትሕትና ጻፈለት። ሙለር ነገሩን መርምሮ ጎረቤቱ እውነት እንዳለው ተቀበለ፤ ከከተማው ወጣ ብሎ በአሽሊ ዳውን መሬት ገዛ። በ1849 ዓ.ም. 300 ልጆች የሚይዘው የመጀመሪያው ቤት ተከፈተ፤ በ1870 ዓ.ም. ደግሞ አምስት ቤቶች ሁነው 2,050 ልጆች የሚይዙ ሆኑ። የሥራው ስፋት ይህን ያህል ሲሆን የጸሎቱ ነገር እንደ ድሮው ጥቃቅን ነበረ። በ1857 ዓ.ም. ክረምቱ ሲገባ ውኃ እያፈላ አንዱን ቤት የሚያሞቀው ትልቅ የብረት ጋን አፈሰሰ፤ ለማደስም እሳቱ መጥፋት ነበረበት። የሚነፍሰው ብርቱ የሰሜን ነፋስ ነበር። ሙለር ነፋሱ ወደ ደቡብ እንዲዞር፣ ሠራተኞቹም ለሥራው ልብ እንዲኖራቸው ጸለየ። በቀጠሮው ቀን ሞቃቱ የደቡብ ነፋስ ነፈሰ፤ ሠራተኞቹም በገዛ ፈቃዳቸው ሌሊቱን ሲሠሩ አደሩ።

የለመነው ሁሉ ግን አልተሰጠውም። ወንድ ልጁ ኤልያስ ገና ሕፃን ሳለ በ1835 ዓ.ም. ሞተ። በ1870 ዓ.ም. ደግሞ ከሠላሳ ዘጠኝ ዓመት በላይ በሥራው የረዳችው ሚስቱ ሜሪ በሕመም ተለየችው። ስለ እርስዋ የቀብር ስብከቱን የሰጠው ራሱ ነው፤ እግዚአብሔር እርስዋን ሲሰጠኝ ቸር ነበረ፣ ይህን ያህል ዘመን ሲያቆይልኝ ቸር ነበረ፣ ሲወስድብኝም ቸር ነው በሚል አሳብ አስተማረ። ለሠራተኛው ለማሳየት የጀመረው ነገር በዚያ ጊዜ በራሱ ላይ ተፈተነ። ከዚያ በኋላ ሁለተኛ አግብቶ ከ1875 እስከ 1892 ዓ.ም. ድረስ ብዙ አገር እየዞረ ሰበከ።

መጋቢት 9 ቀን 1898 ዓ.ም. ምሽት በጸሎት ስብሰባ ላይ ተገኝቶ ነበር። በማግሥቱ ጧት ሻይ ይዞለት የገባ ሰው ከአልጋው አጠገብ ወድቆ ሞቶ አገኘው፤ ዕድሜው 92 ዓመት ነበረ። በቀብሩ ቀን በብሪስቶል መንገዶች ግራና ቀኝ ሕዝቡ ቆሞ ሸኘው። ለብዙ ዓመታት በሚታተመው ዘገባ ውስጥ ስሙን ሳይገልጽ ለሥራው የሚሰጥ አንድ የጌታ አገልጋይ ይጠቀስ ነበር፤ ያ ሰው ራሱ ሙለር መሆኑ የታወቀው ከሞተ በኋላ ነው። ለእርሱ ለራሱ ተብሎ ከተሰጠው ገንዘብ ከ81 ሺህ ፓውንድ በላይ መልሶ ሰጥቷል። በእጁ የተገኘው ንብረት 160 ፓውንድ ያህል ሲሆን፣ ከዚያውም የሚበዛው የቤት ዕቃና መጻሕፍት ነበረ።